የቀልብ ሕመምና በስልክ የሚሰጥ ሕክምና

(ከሬዲዮ ዝግጅታችን ለኅትመት የተዘጋጀ)

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሐብሩ ቀበሌዎች በተለያየ መንገድ የሚደርሱን ጥያቄዎች ሲጨመቁ አንድ ናቸው። «እንቅልፍ አጣሁ፤ ልቤ ይደልቃል፤ ሰላት ላይ ቆሜ እንኳ የተኩስ ድምፅ ይሰማኛል። በስልክ የሚያክሙ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች አሉ ይሉኛል። ይጠቅማልን? ለሙስሊምስ ይፈቀዳልን?» የሚል ነው። የዛሬው ዝግጅታችን ለዚህ መልስ ለመስጠት የታሰበ ነው።

በመጀመሪያ ጥያቄው ከየት እንደመጣ እንመልከት። አካባቢያችን ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ አለፈ። ወልድያም መርሳም በእነዚያ ወራት መብራትና ስልክ ተቋርጦባቸው፣ ሆስፒታሉ ተዘርፎ፣ ሰው ከሰው ተለያይቶ ከረሙ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እንደገና ሲያገረሽ ሕዝባችን ሌላ ስደት አየ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ፤ አልሐምዱሊላህ አልን። ዓመት ሳይሞላው ግን ክልላችን ወደ ሌላ ግጭት ገባ። በአጭር ጊዜ ውስጥ ይህን ሁሉ ያየ ልብ ቢታመም ሊገርመን አይገባም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ስሌት መሠረት ጦርነትና ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ ሰዎች ከአምስቱ አንዱ የሆነ ዓይነት የአእምሮ ሕመም አለበት። በጎረቤታችን በደሴ ከተማ አስደንጋጭ ሁኔታ ባሳለፉ ነዋሪዎች ላይ በ2022 እ.ኤ.አ. የተደረገ ጥናትም ከመቶው ሃያ ያህሉ ከጦርነትና ከአደጋ በኋላ የሚከሰተው የአእምሮ ጠባሳ እንዳለባቸው አሳይቷል። ይህ ማለት አንድ ሰፍ ሙሉ ሰጋጅ ቢቆም በዚያ ሰፍ ውስጥ ሕመሙን ይዞ የቆመ ሰው አለ ማለት ነው። አጠገባችን ቆሟል፤ እኛ ግን አናውቅም።

ኢማን ያለው ሰው አይታመምምን?

ብዙ ሰው «ኢማኑ የጠና ሰው አይጨነቅም» ይላል። ይህ አባባል ታማሚውን ሁለት ጊዜ ይጎዳዋል። በአንድ በኩል ሕመሙ አለ፤ በሌላ በኩል «ኢማኔ ጎድሎ ነው» የሚል ጸጸት ይጨመርበታል። ከዚያም ዝም ይላል። ዝምታው ነው የሚያጠፋው።

ነቢዩላህ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ልጃቸውን ዩሱፍን ባጡ ጊዜ ከሐዘን ብዛት ዓይናቸው እንደነጣ ቁርኣን ይነግረናል። የያዕቁብ ኢማን ጎድሎ ነበርን? ሐሻ! የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ከጭንቀትና ከሐዘን በአላህ ይጠበቁ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል፤ የማይደርስ ነገር ቢሆን ጥበቃ ባልጠየቁበት ነበር። አጎታቸው ሐምዛ (ረ.ዐ) በኡሑድ ዘመቻ ከተገደሉ ከዓመታት በኋላ ገዳዩ ወሕሺ ሰልሞ ሲመጣ እስልምናውን ተቀበሉት። ይሁን እንጂ ፊቱን ከእርሳቸው እንዲያርቅ ጠየቁት። ይቅርታው ተሰጥቷል፤ የሚያስታውሰው ነገር ግን ያማል። ዛሬ ባለሙያዎች «ቀስቃሽ ነገር» የሚሉትን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በተግባር አሳይተውናል። እንግዲህ ቤቷ የተቃጠለባት እናት ጭስ ሲሸታት ብትንቀጠቀጥ ማን ሊወቅሳት ይችላል?

መታከምም ከተወኩል ጋር አይጣላም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአላህ ባሮች እንዲታከሙ አዘዋል፤ ግመሉን ሳያስር «በአላህ ተመካሁ» ሊል ለፈለገው ሰውም አስቀድሞ እንዲያስራት ነግረውታል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ሐዘንተኛ ላለበት ቤት ተልቢና የተባለውን የገብስ ሾርባ ያዙ ነበር፤ እኛ ለታመመና ለወለደች አጥሚት እንደምንሠራው ማለት ነው። በ322 ዓመተ ሂጅራ ወደ አኺራ የሄዱት አቡ ዘይድ አል በልኺ ደግሞ «መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ንዴትን፣ ፍርሃትን፣ ሐዘንንና ወስዋስን ለየብቻ አስቀምጠው አካልና ነፍስ ጎን ለጎን መታከም እንዳለባቸው አስተምረዋል። በ1284 እ.ኤ.አ. በካይሮ የተሠራው የመንሱሪ ሆስፒታል ለአእምሮ ሕሙማን የተለየ ክፍል ነበረው። ስለዚህ የልብን ሕመም ማከም ከባዕድ የመጣ ነገር አይደለም፤ የረሳነው የራሳችን ቅርስ ነው።

ሕመሙ እንዴት ይታወቃል?

አላህ የሰው ልጅ አካል ውስጥ የማስጠንቀቂያ ደወል አኑሯል። አደጋ ሲመጣ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጡንቻ ይወጠራል፤ ይህም እንድንሸሽ ወይም እንድንከላከል ነው። አደጋው ካለፈ በኋላ ደወሉ መጥፋት ሲገባው ሳይጠፋ ሲቀር ግን ሕመም ይሆናል። የበር መንኳኳት፣ የመኪና ጎማ መፈንዳት፣ የሠርግ ርችት ደወሉን መልሶ ያስጮኸዋል።

የጦርነት ጠባሳ የያዘው ሰው በአብዛኛው አራት ነገር ይታይበታል። ያለፈው ነገር በሕልምም በቁምም ይመላለስበታል። የሚያስታውሱትን ቦታዎችና ሰዎች ይሸሻል። ስለ ራሱና ስለ ሰው ያለው ሐሳብ ይጨልማል፤ ደስታ ይርቀዋል። ሁልጊዜ እንደተጠነቀቀ፣ በትንሹ እንደደነገጠና እንደተቆጣ ይኖራል። ይህ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በብዙ ሰው ላይ የሚታይ ነው፤ ብዙዎችም በቤተሰብ እንክብካቤ፣ በሰላትና በሥራ ይሻሻላሉ። ከአንድ ወር አልፎ ሥራና ኑሮን ሲያናጋ ግን ባለሙያ ያስፈልጋል።

ሱስ የሚገባው በዚህ በር ነው። እንቅልፍ የነሳውን ወጣት ጓደኛው «ና ቃም፣ ትረሳዋለህ» ይለዋል። በወሎ ጫት ከዱዓ ጋር የቆየ ታሪክ ያለው መሆኑን እናውቃለን፤ ዑለሞች በብይኑ ላይ የተናገሩትን ዛሬ አንዘረዝርም። የምንናገረው ስለ ጉዳቱ ነው። በጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ አእምሮን አንቅቶ እንቅልፍን ያባርራል። ደወሉ አልጠፋ ላለው ሰው ጫት ማለት በደወሉ ላይ ደወል መጨመር ነው። ማታ ምርቃናው አልወርድ ሲል ጨብሲ ይከተላል፤ ከጨብሲ በኋላ የእንቅልፍና የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ይመጣል። በአንድ ቁስል የጀመረው ሰው ሦስት ሱስ ይዞ ይገኛል።

እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ነገር እናሳስባለን። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ደጋግሞ እየጠጣ ለቅጣት የሚቀርብ ሰው ነበር። ከተሰበሰቡት አንዱ ሲረግመው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከለከሉት፤ ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ መሰከሩለት። ጥፋቱን አልፈቀዱም፤ ሰውየውን ግን አልጣሉትም። ልጃችሁን ከቤት ስታባርሩ የምትልኩት ወደ ሱሱ ባልደረቦች ነው።

ስልክ እንዴት ሐኪም ሊሆን ይችላል?

በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ለረጅም ዘመን አዲስ አበባ ላይ የታጠረ ነበር። አማኑኤል ሆስፒታልን የማያውቅ የለም፤ ከዚህ ተነስቶ እዚያ መድረስ ግን አንድ ቀን ሙሉ መንገድ፣ ማደሪያና ገንዘብ ይጠይቃል። ዛሬ መንገዱ ራሱ ዋስትና የለውም። ከዚህም በላይ ትንሽ ከተማ ውስጥ «እገሌ በአእምሮ ሐኪም በር ላይ ታየ» የሚለው ወሬ ከሕመሙ ይከብዳል። ልጅቷ ባል እንዳታጣ፣ ነጋዴው ደንበኛ እንዳይሸሸው ሕመሙን ይደብቁታል።

ችግርን በስልክ ለባለሙያ መናገር አዲስ አይደለም። በ1953 እ.ኤ.አ. በለንደን ራሳቸውን ለማጥፋት ላሰቡ ሰዎች የስልክ መስመር ተከፍቶ ነበር። በአገራችንም በ1990ዎቹ ዓ.ም. «ወገን» የተባለው የኤድስ የስልክ መስመር በ952 ቁጥር በነፃ ምክር ይሰጥ ነበር፤ ያኔ በአካል ሄዶ መጠየቅ ያሳፍረው የነበረ ስንት ሰው በስልክ ጠይቆ ድኗል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ደግሞ በዓለም ዙሪያ ብዙ ባለሙያዎች ሕክምናውን ወደ ስልክና ወደ ቪዲዮ አዛወሩት።

ውጤቱስ? በጦርነት የተጎዱ ዐረቦችን፣ አብዛኞቹ ከኢራቅ የሆኑ 159 ሰዎችን ያካተተና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ታካሚዎቹ የደረሰባቸውን ነገር በአምስት ሳምንት ውስጥ በአሥር ጽሑፎች ቀስ በቀስ እየጻፉ በኢንተርኔት ይልካሉ፤ ዐረብኛ ተናጋሪ የሆነ ባለሙያ እያነበበ ይመልስላቸዋል። ሕክምናውን ካገኙት ውስጥ የተሻላቸው፣ ተራ ሲጠብቁ ከቆዩት እጅግ ይበልጡ ነበር። በሊባኖስ ለሚኖሩ ሶርያውያን ስደተኞች የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው «ደረጃ በደረጃ» የተባለ የአምስት ክፍል ትምህርትም በስልክ ተሰጥቶ የመንፈስ ጭንቀትን እንደቀነሰ በ2022 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በሁለቱም ላይ በመሃል ያቋረጡ ሰዎች ቀላል አልነበሩም፤ ይህንንም መደበቅ አይገባም። የሚጠቅመው ለጸና ሰው ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ባለሙያውና ታካሚው በሳምንት አንድ ቀን፣ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይነጋገራሉ። መጀመሪያ ባለሙያው ታሪኩን ይጠይቃል፤ ከዚያ አካልን ማረጋጊያ፣ ለምሳሌ ትንፋሽን ቀስ አድርጎ ማውጣትን ያስተምራል። ቀጥሎ «ልሞት ነው»፣ «ሁሉም ሰው ይጠላኛል» የሚሉትን ሐሳቦች በወረቀት እያስጻፈ አብሮ ይመረምራቸዋል። በመጨረሻም የሸሸውን ነገር በጥቂት በጥቂቱ እንዲጠጋው ያደርገዋል፤ ገበያ የፈራች ሴት በመጀመሪያ እስከ በር፣ ከዚያ እስከ ጎረቤት፣ ከዚያ እስከ ገበያው ዳር ትሄዳለች። ለሱሰኛ ደግሞ የሚያስቅመውን ሰዓት፣ ቦታና ጓደኛ ለይቶ በምትኩ ምን እንደሚያደርግ ያቅዳል። አስካሪ መጠጥ በእስልምና በአንድ ቀን ሳይሆን በደረጃ መከልከሉን ለሚያውቅ ሙስሊም ይህ አካሄድ እንግዳ አይሆንበትም።

ለሁሉ ደግሞ ኢንተርኔት አያስፈልግም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንደቆየ አይተናል። ተራው የድምፅ ስልክ ይበቃል። ስለዚህ ከባለሙያው ጋር «መስመሩ ቢቋረጥ ማን መልሶ ይደውል? ለሳምንት ባንገናኝ ምን ላድርግ?» የሚለውን በመጀመሪያው ቀን መስማማት ያስፈልጋል።

ሸሪዓዊ ጥያቄዎች

አንደኛ፦ «ኃጢአቴን ለሰው መናገር አይሆንምን?» የተከለከለው አላህ የሸፈነለትን ኃጢአት በኩራትና በጨዋታ ማውራት ነው። ለመዳን ሲባል ለሐኪም የሚነገር ከዚህ አይደለም፤ ቁስሉን ያላሳየ ሰው አይታከምም። የሚነገረውም ለሕክምናው በሚያስፈልገው ልክ ነው። ሰሚው ደግሞ አማና አለበት፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመቀማመጥ ወሬ አማና መሆኑን አስተምረዋል።

ሁለተኛ፦ «ሴት ከወንድ ባለሙያ ጋር በስልክ ብታወራስ?» ሴት ለሴት፣ ወንድ ለወንድ መሆኑ ይቀድማል። ስልኩ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው፤ በወልድያ ሴት ባለሙያ ያጣች እህት በአዲስ አበባ ያለችን ታገኛለች። ካልተገኘች ግን ዑለሞች ለሕክምና በሚያስፈልገው ልክ ፈቅደዋል፤ ንግግሩ ከጉዳዩ እንዳይወጣ፣ አደብ እንዲጠበቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፦ «ሩቅያስ?» ቁርኣን ማንበብና ዱዓ ማድረግ አይቋረጥም፤ ሕክምናውም አይቋረጥም። ሁለቱ አይጣሉም። የሐኪም ኪኒን አስጥሎ የሚያስር፣ የሚደበድብ፣ «የእናትህን ስም ንገረኝ» የሚልና በስልክ ገንዘብ አስልኮ ክታብ የሚሸጥ ግን የሩቅያ ሰው አይደለም፤ ራቁት። በረመዷንም መድኃኒት በራስ ፈቃድ አይቆምም፤ ሰዓቱ ወደ ኢፍጣርና ሱሑር መዛወር ይችል እንደሆነ ሐኪም ይጠየቃል። ካልቻለም አላህ ለታመመ ሰው ያገራውን አንክድም።

አራተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። በጦርነቱ ጊዜ ክብራቸው የተደፈረ እህቶች አሉ። በዝምታ የተቀመጡ ናቸው። እህታችን ሆይ! የተገደደ ሰው ኃጢአት የለበትም፤ ይህ ዑለሞች የተስማሙበት ነው። ነውሩ የአድራጊው ነው። ፊትሽን ሳታሳዪ፣ ከፈለግሽ ስምሽን ሳትናገሪ ለአንዲት ሴት ባለሙያ በስልክ መናገር ትችያለሽ። ባልና ወንድም የሆናችሁም አላህን ፍሩ፤ ተጎጂዋን ዳግም አትበድሉ።

በዐረብ አገር ያሉ ልጆቻችን

ከሐብሩና ከመርሳ ቀዬዎች በየመን በኩልም በቪዛም ወደ ሳዑዲ ያልሄደ ልጅ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ብዙዎቹ በአካል ገብተው በልብ አልገቡም ነበር። በአዲስ አበባ እንደ አጋር ኢትዮጵያ ያሉ ድርጅቶች ታመው ለተመለሱ ሴቶች መጠለያና ምክር ሲሰጡ ቆይተዋል። እዚያው በሰው ቤት ሆና ሌሊት የምታለቅስ ልጅ ግን ያላት ስልኳ ብቻ ነው። ስትደውልልን «ገንዘብ መቼ ትልኪያለሽ?» ከማለታችን በፊት «እንቅልፍ ትተኛለሽ? ማን ያናግርሻል?» እንበላት። በአማርኛ የምታዋራትን ባለሙያ ብናገኝላት ከምንልክላት በርበሬና በሶ የበለጠ ስንቅ ነው።

ገደቡን እንወቅ

ስልክ የማይበቃበት ጊዜ አለ። ራሱን ለማጥፋት ያሰበ፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማ፣ ሰው ሊጎዳ የተነሳ፣ ምግብና ውኃ ያቆመ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም፣ ከዚያም ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ሆስፒታል ይወሰድ። ብቻውንም አይተው። ለብዙ ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው ደግሞ ተውበት አድርጎ በአንድ ቀን ሲያቆም በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ ሊንዘፈዘፍና ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። ተውበቱን አያዘግይ፤ ማቆሙን ግን በሐኪም እጅ ያድርገው። ጫት ያቆመ ሰው ለቀናት ድካም፣ ድብርትና ዱካክ ይይዘዋል፤ ይህ ያልፋል፤ ቤተሰብ ይታገሰው።

በቴሌግራም «በሦስት ቀን ሱስ አስጥላለሁ» የሚል ሁሉም ሐኪም አይደለም። ባለሙያ ነኝ ያለውን የት እንደተማረ፣ የሙያ ፈቃዱን፣ ክፍያውን፣ ምሥጢር እንዴት እንደሚጠብቅ፣ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ወዴት እንደሚልክ ጠይቁ። መልስ ለመስጠት ከተቆጣ ተዉት። ዛሬ ዛሬ ወጣቶች ችግራቸውን ለኮምፒውተር ፕሮግራም እየጻፉ መልስ ይጠይቃሉ፤ መረጃ ሊሰጥ ይችል ይሆናል፤ አማናን የሚሸከም ሰው ግን አይደለም።

ምን እናድርግ?

ወሎ የቅሬ አገር ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፣ ቡና እናፈላለን፣ ሐዘንተኛን ብቻውን አናሳድርም። በቁሙ ለሚሞተው ግን ድንኳን የለንም። በየቅሬውና በየመስጊዱ አንዲት ጸጥ ያለች ክፍል፣ አንድ ስልክና የአየር ሰዓት ማዘጋጀት አቅማችን ነው። ቤቱ ጠባብ የሆነበት፣ ስልኩን ከቤተሰብ ጋር የሚጋራ ሰው እዚያ ገብቶ በር ዘግቶ ይነጋገር። በሩ ላይ «የአእምሮ» የሚል ጽሑፍ አይለጠፍ፤ ክፍሏን ቅርኣን የሚቀራባትም ስብሰባ የሚደረግባትም እናድርጋት፤ ማን ለምን እንደገባ ማንም አይወቅ። ዱበርቲዎቻችን የታመመችውን ሴት ከማንም ቀድመው ያውቃሉ፤ እነርሱ መንገዱን ይንገሩ። ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖችም በዚያው ጦርነት ቆስለዋል፤ ክፍሏ ለእነርሱም ክፍት ትሁን፤ የጎረቤት ሐቅ ነው።

ለታመምከው ወንድማችንና ለታመምሽው እህታችን ደግሞ ይህን እንላለን። ዛሬ ከዒሻ ሰላት በኋላ ለምታምኑት አንድ ሰው «አልተሻለኝም» በሉ። የመጀመሪያው መድኃኒት ይህ ቃል ነው። ከዚያ ባለሙያውን አብራችሁ ፈልጉ።

አላህ የታመሙትን ያሽርልን፤ የተፈናቀሉትን ወደ ቤታቸው ይመልስልን፤ የሞቱትን ይማርልን፤ ለአገራችን ሰላሙን ያውርድልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።